ኢቫን ኦሲየር፦ ከ1908 እስከ 1948 ሰይፉን ያላስቀመጠው ሐኪም (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ድሮ ኦሊምፒክ ሲወራ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሯጮችና ዋናተኞች ናቸው። ዴንማርካዊው የፌንሲንግ ተወዳዳሪ ኢቫን ኦሲየር ብዙም አይወሳም። በሕይወቱ ያገኘው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብር። እኔ ግን ከብዙ ባለወርቆች አስበልጬ የማየው ሰው ነው። አንባቢዎች ስለ እሱ ሲያነቡ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢቫን ኦሲየር ማን ነበር?

ዲሴምበር 16 ቀን 1888 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የተወለደ አይሁዳዊ ዴንማርካዊ ነው። ሙያው ሕክምና ነበር። እንጀራውን የሚበላው በሐኪምነቱ ነው፤ ሰይፉን የሚያነሳው ስለሚወደው ነው። ለአገሩ በኦሊምፒክ የተሰለፈው ከ1908 እስከ 1948 ባሉት ዓመታት ነው። መጀመሪያ ሲወዳደር 19 ዓመቱ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲወዳደር 59 ሞልቶት ነበር።

ፌንሲንግ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?

ሁለት ሰዎች በጠባብና ረጅም ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ቆመው በሰይፍ የሚፋለሙበት ነው። ሰይፉ ሥጋ እንዲቆርጥ ወይም እንዲወጋ ተደርጎ አይሠራም። ተወዳዳሪዎቹ ፊታቸውን በወንፊት መሰል ጭምብል ይሸፍናሉ፤ ወፍራም ነጭ ልብስም ይለብሳሉ። ተጋጣሚውን ቀድሞ ወይም ደንቡን ጠብቆ የነካ ነጥብ ያገኛል። ከመጀመሪያው የአቴንስ ኦሊምፒክ፣ ከ1896 ጀምሮ፣ ከኦሊምፒክ ተለይቶ አያውቅም።

ሦስቱ የሰይፍ ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

ኦሲየርን ለመረዳት ይህ ይጠቅማል፤ እሱ ሦስቱንም ይዞ ተወዳድሯልና።

የመጀመሪያው ፎይል ይባላል። ቀላልና ተጣጣፊ ነው። ነጥብ የሚገኘው በጫፉ ብቻ ሲሆን፣ የሚነካውም የተጋጣሚው ግንድ ብቻ ነው። እጅ፣ እግርና ጭንቅላት አይቆጠሩም። ደንቡ ለአጥቂው ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለቱም እኩል ቢነካኩ ነጥቡ ማጥቃቱን በትክክል የጀመረው ሰው ነው።

ሁለተኛው ኤፔ ነው። ከፎይል ይከብዳል፤ ዛሬ የሚፈቀደው ክብደት እስከ 770 ግራም ሲሆን የፎይል ግን 500 ግራም ነው። በኤፔ ከእግር ጣት እስከ ጭምብሉ ድረስ መላ አካል ይነካል። የአጥቂ ቅድሚያ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢነካኩ ለሁለቱም ይቆጠራል። ምክንያቱም ኤፔ የተወለደው ሰዎች ክብራችን ተነካ ብለው ጎህ ሲቀድ በየጫካው ከሚፋለሙበት ልማድ ነው። እዚያ ደንቡ ቀላል ነበር፤ ቀድሞ የደማ ተሸነፈ። ኦሲየር ብሩን ያገኘው በዚህ ሰይፍ ነው።

ሦስተኛው ሳብር የፈረሰኛ ጎራዴ ልጅ ነው። በጫፉም በስለቱም ይመታል። ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ፈጣን ነው፤ የሚያየው ሰው ማን ማንን እንደመታ እስኪያውቅ ግጥሚያው ያልቃል። በዚያ ዘመን የሳብር ጌቶች ሃንጋሪዎች ነበሩ።

አንድ ሰው ሦስቱንም መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ልማድ ለሌላው ጠላት ነው። ፎይል ላይ እግሩን ሳይጠብቅ የኖረ ሰው ኤፔ ሲይዝ ጉልበቱ ላይ ይነካል። ኦሲየር በአገሩ በሦስቱም ሰይፎች በድምሩ 25 ጊዜ የዴንማርክ ሻምፒዮን ሆኗል።

በየትኞቹ ኦሊምፒኮች ተሳተፈ?

በሰባት፦ 1908 ለንደን፣ 1912 ስቶክሆልም፣ 1920 አንትወርፕ፣ 1924 ፓሪስ፣ 1928 አምስተርዳም፣ 1932 ሎስ አንጀለስ፣ 1948 ለንደን። የ1916ቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የ1940ውና የ1944ቱ በሁለተኛው ምክንያት አልተካሄዱም። ስለዚህ በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ ተካሂዶ እሱ የሌለበት አንድ ኦሊምፒክ ብቻ ነው። እሱም የ1936ቱ በርሊን ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው የለንደን ተሳትፎው እንዴት ነበር?

ሜዳሊያ አላገኘም። ለ19 ዓመት ልጅ የሚያስገርም አይደለም። ኤፔን ያሸነፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን አሊቤር ነበር። ሳብርን ደግሞ ሃንጋሪያዊው ዬኖ ፉክስ ወሰደ። በፎይል ትርኢት እንጂ ውድድር አልነበረም።

ብሩን እንዴት አገኘ?

በ1912 ስቶክሆልም፣ በግል ኤፔ። ውድድሩ የተካሄደው ኦስተርማልም በሚባለው የከተማው ክፍል ባለ የቴኒስ ስፍራ ነው። ኦሲየር ያኔ 23 ዓመቱ ነው። ቤልጂየማዊው ፖል አንስፓሽ ወርቁን ወሰደ፤ ሌላው ቤልጂየማዊ ፊሊፕ ለ አርዲ ደ ቦልዩ ነሐስ አገኘ። ኦሲየር በሁለቱ መካከል ገባ።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤልጂየም በዚያ ዓመት በኤፔ ጉልበተኛ ነበረች፤ የቡድኑን ወርቅም የወሰደችው እሷ ናት። ዴንማርክ ግን በሰይፍ ስሟ የሚጠራ አገር አልነበረችም። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ጌታ፣ ትልቅ ወግ የነበራቸው ፓሪስ፣ ሮማ፣ ብራስልስና ቡዳፔስት ናቸው። ከኮፐንሃገን የመጣ ወጣት በሁለት ቤልጂየማውያን መሃል ቆሞ ሜዳሊያ ሲቀበል ለአገሩ አዲስ በር ከፈተ።

ፈረንሳይና ጣሊያን ስላልነበሩ ብሩ ዋጋው አያንስም?

ይህን የሚያነሱ ሰዎች ነጥብ አላቸው። በ1912 ፈረንሳይ በፌንሲንግ ጭራሽ አልተወዳደረችም። በፎይል የላይኛው ክንድም እንደ ግንዱ ይቆጠር ብላ ጠይቃ ነበር፤ እምቢ ስትባል ተቆጥታ ቀረች። ጣሊያን ደግሞ የኤፔ ስለት ይርዘም አለች። እሷም እምቢ ስትባል በኤፔ አልወዳደርም ብላ በፎይልና በሳብር ብቻ ገባች። የፎይሉን ወርቅ የወሰደውም ጣሊያናዊው ኔዶ ናዲ ነበር።

እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ በዚያ ጊዜ የተለመደ ነበር። እያንዳንዱ አገር የራሱን ደንብ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉንም የሚያስማማ አካል የለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በኖቬምበር 1913፣ ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የፌንሲንግ ፌዴሬሽን የተመሠረተው ስቶክሆልም ላይ የታየው ዓይነት ጭቅጭቅ እንዳይደገም ታስቦ ነው።

ብሩን በተመለከተ ግን የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው የሚፋለመው ከመጣው ጋር ነው። የቀሩት ራሳቸው ፈልገው ቀሩ። የመጡት ደግሞ ደካሞች አልነበሩም። በመጨረሻው ዙር አንስፓሽን ከመሰለ ሰው ጋር እስከ ወርቅ የተሻማን ሰው ሜዳሊያ በሌሉ ሰዎች ስም ማቅለል ትክክል አይመስለኝም።

«አማተር» ነበር ሲባል ችሎታው ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው?

በፍጹም። ያኔ አማተር ማለት በስፖርቱ ገንዘብ የማያገኝ ማለት ነው። ለኦሊምፒክ የሚፈቀደውም እሱ ብቻ ነበር። በፌንሲንግ ነገሩ ለየት ይላል፤ ከሁሉ የበለጠ ሰይፍ የሚያውቁት ሰዎች አማተሮቹ አልነበሩም። አሠልጣኞቻቸው ነበሩ። እነዚህ የሰይፍ መምህራን የሚኖሩት በደመወዝ ስለነበር እንደ ባለሙያ ይቆጠራሉ። በ1896 አቴንስ ለመምህራን ብቻ የተለየ የፎይል ግጥሚያ ተዘጋጅቶ ነበር። ግሪካዊው ሌዮኒዳስ ፒርጎስ አሸንፎ በዘመናዊው ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ግሪካዊ አሸናፊ ሆነ። በ1900 ፓሪስም መምህራን ተጋጠሙ። ኦሲየር በ1908 ሲመጣ ግን በሩ ለእነሱ ተዘግቶ ነበር።

ሕጉ ፍትሐዊ ነበር? አልነበረም። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ፣ ቀደም ብሎ ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። የተመለሱት በ1982፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ የሚመቸው ሌላ ገቢ ላለው ሰው ነበር። ሐኪሙ ኦሲየር ከእነዚያ አንዱ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ነገር ግን ከዚሁ ሁኔታ ሌላ ነገርም ይወጣል። እንጀራው በሰይፉ ላይ ስላልተንጠለጠለ ማንም አያዝዘውም። ሲሸነፍ ደሞዙ አይቀነስም። ስታረጅ ውጣ የሚለው አለቃ የለውም። እምቢ ማለት ሲፈልግ የሚያጣው ገንዘብ የለም። በ1936 ያደረገውን ሳስብ ይህ ነጻነት ትልቅ ቦታ ነበረው ብዬ አምናለሁ።

ያኔ ነጥብ የሚቆጠረው እንዴት ነበር?

በዓይን። ዛሬ ሰይፉ ሲነካ መብራት ይበራል። ኦሲየር አብዛኛውን ዕድሜውን የተወዳደረው ግን መብራቱ ሳይፈጠር ነው። አንድ ዋና ዳኛና አራት ረዳቶች ነበሩ። ሁለቱ አንዱን ተወዳዳሪ፣ ሁለቱ ሌላውን ያያሉ። ድንገት ሰይፍ ይብረቀረቃል፤ ዋናው ዳኛ ግጥሚያውን ያቆማል። ነክቷል ወይስ አልነካም? ድምፅ ይሰጣሉ። ሰው ናቸውና ይሳሳታሉ። አንዳንዴም ለአገራቸው ያደላሉ ተብሎ ጠብ ይነሳ ነበር።

ለኤፔ ጫፉ ላይ ባለሦስት ጥርስ ትንሽ ብረት ይታሰር ነበር፤ ልብሱን ያዝ ሲያደርግ ዳኛው እንዲያይ። በተጨማሪ የተነካው ሰው ራሱ «ተነካሁ» ብሎ ማመኑ የጨዋነት ወግ ነበር። ዳኛ ሳያይ ያመነ ሰው ይከበራል። ዝም ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል።

በኤሌክትሪክ መቁጠር በኦሊምፒክ የተጀመረው በኤፔ ነው፤ በ1936። ፎይል በ1956 ተከተለ። ሳብር እስከ 1992 ድረስ በዓይን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን የኤፔ ፍልሚያ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ንክኪ ነበር። አንዴ ከተነካህ አለቀ። ማሻሻያ፣ ማካካሻ የለም። ስለዚህ የኤፔ ሰው ትዕግሥተኛ ነው። ርቀቱን ይለካል፤ የተጋጣሚው እጅ በትንሹ እስኪጋለጥ ይጠብቃል። ጉልበትና ፍጥነት ከዕድሜ ጋር ይሄዳሉ፤ ይህ ዓይን ግን ይቆያል። ኦሲየር በ43 ዓመቱም በ59 ዓመቱም ሜዳ ላይ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ባለቤቱም ተወዳዳሪ ነበረች ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ይልቁንም የቤቱ ወርቅ የእሷ ነው።

ኤለን ኦሲየር በ1890 የርሪንግ በምትባል የሰሜን ዴንማርክ ከተማ ተወለደች። በ1924 ፓሪስ ኦሊምፒክ ሴቶች በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌንሲንግ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። የተፈቀደውም አንድ ውድድር ብቻ ነው፤ የግል ፎይል። ኤለን 33 ዓመቷ ነበር። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንድም ፍልሚያ ሳትሸነፍ ወርቁን ወሰደች። እንግሊዛዊቷ ግላዲስ ዴቪስ ሁለተኛ፣ ሌላዋ ዴንማርካዊት ግሬተ ሄክሸር ሦስተኛ ወጡ። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ የሰይፍ ሻምፒዮን ኤለን ናት። ይህን ማንም ሊወስድባት አይችልም።

ባልየውም በዚያው ኦሊምፒክ ይወዳደር ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ኦሊምፒክ፣ በአንድ ስፖርት፣ ለአንድ አገር!

ሴቶች ከዚያ በኋላ ብዙ ጠበቁ። የሴቶች የቡድን ፎይል በኦሊምፒክ የመጣው በ1960 ነው። ኤፔ በ1996፣ ሳብር ደግሞ በ2004። ኤለን ካሸነፈች ሳብር እስኪፈቀድ 80 ዓመት ፈጀ። ሴት ልጅ ሳብር ለመያዝ አቅም የላትም የሚለው ሰበብ ይህን ያህል ዕድሜ ማግኘቱ ያሳዝናል።

ስለ ፓሪሱ ውድድር ስፍራም ልናገር። ፌንሲንጉ የተካሄደው ቬሎድሮም ዲቬር በሚባለው ጣሪያ ያለው የብስክሌት መወዳደሪያ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1942፣ የፈረንሳይ ፖሊስ በፓሪስና በአካባቢዋ ከ13 ሺህ በላይ አይሁዳውያንን ለቅሞ ያዘ። ከነልጆቻቸው የተያዙት ቤተሰቦች የታጎሩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚዎች መግደያ ካምፕ ተላኩ። ስለ ኤለን ድል ባነበብኩ ቁጥር ይህን ማሰብ ግድ ይለኛል።

እስከ ሎስ አንጀለስ እንዴት ሄደ?

የ1932ቱ ጉዞ ለአውሮፓውያን ከባድ ነበር። መርከብ ላይ ቀናት፣ ከዚያ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ባቡር። ላይም ታችም የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር። በዚህ የተነሳ የመጡት ስፖርተኞች ወደ 1,300 ብቻ ናቸው፤ አምስተርዳም ላይ ከነበሩት ከግማሽ በታች ማለት ነው። ብዙ አገሮች ገንዘብ የለንም ብለው ቀሩ። የ43 ዓመቱ ሐኪም ግን ሥራውን አስቀምጦ ሄደ። ሜዳሊያ ይዞ አልተመለሰም።

በ1936 በርሊን ለምን አልተወዳደረም?

የናዚን አገዛዝ በመቃወም ነው።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘበት ከ1933 ጀምሮ የጀርመን የስፖርት ክለቦች አይሁዳውያንን እያባረሩ ነበር። በሴፕቴምበር 1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች አይሁዳውያንን ከዜግነት መብት አወጡ። በዚሁ መሃል በርሊን ለኦሊምፒክ ትሽቀዳደም ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንሂድ አንሂድ የሚል ትልቅ ክርክር ተነሳ፤ በመጨረሻ መሄድ አሸነፈ። ዴንማርክም ቡድኗን ላከች። እንዲያውም የ12 ዓመቷ ዴንማርካዊት ዋናተኛ ኢንገ ሶረንሰን በደረት ዋና ነሐስ አግኝታ ዓለምን አስገረመች።

ስለዚህ ኦሲየር የቀረው አገሩ ስለቀረች አይደለም። አገሩ ሄደች፤ እሱ ቀረ። 47 ዓመቱ ነበር። ከ1908 ወዲህ ከተካሄዱት ኦሊምፒኮች አንድም አምልጦት አያውቅም። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል አገኛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዕድሜ ብዙ የለም። ያንን ሁሉ አውቆ እምቢ አለ። አንዳንድ ጽሑፎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን የዚህ ሰው ትልቁ የስፖርት ሥራ ይሄ ነው፤ ከስቶክሆልሙ ብርም ይበልጣል።

ሌሎች አይሁዳውያን ተወዳዳሪዎችስ ምን አደረጉ?

ሁሉም አንድ ዓይነት ውሳኔ አልወሰኑም። የኦስትሪያ ዋናተኞች ዩዲት ዶይች፣ ሩት ላንገርና ሉሲ ጎልድነር አንሄድም አሉ፤ የአገራቸው ፌዴሬሽንም ቀጣቸው።

በፌንሲንግ ደግሞ በጣም የታወቀው የሄለነ ማየር ጉዳይ ነው። ማየር አባቷ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። በ1928 አምስተርዳም ላይ ገና በ17 ዓመቷ ለጀርመን ወርቅ አግኝታለች። በ1936 ካሊፎርኒያ ትኖር ነበር። ናዚዎች ለዓለም ለማሳየት ጠሯት፤ ሄደች፤ ብር አገኘች፤ መድረኩ ላይም የናዚን ሰላምታ ሰጠች። እስከ ዛሬ ያወዛግባል። ወርቁን የወሰደችው ሃንጋሪያዊቷ ኢሎና ኤሌክም አባቷ አይሁዳዊ ነበር።

በወንዶች ሳብር ወርቅ ያገኘው አይሁዳዊው ሃንጋሪያዊ ኤንድሬ ካቦሽ ነው። ካቦሽ በኖቬምበር 1944 ቡዳፔስት ውስጥ የማርጊት ድልድይ ሲፈነዳ ሞተ። የአገሩ ልጅ አቲላ ፔትሻወር፣ የ1928ና የ1932 የቡድን ሳብር ባለወርቅ፣ በ1943 በግዳጅ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

በጦርነቱ ጊዜ የዴንማርክ አይሁዳውያን ምን ሆኑ?

ጀርመን ዴንማርክን የያዘችው ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ነው። በኦክቶበር 1943 መጀመሪያ ላይ አይሁዳውያኑን በአንድ ሌሊት ለቅማ ለመውሰድ ተነሳች። ወሬው ግን ቀድሞ ወጣ። ያወጣው ጆርጅ ዱክዊትዝ የሚባል ጀርመናዊ ዲፕሎማት ነበር። የኮፐንሃገን ሰው ጎረቤቱን ደበቀ። ሐኪሞችና ነርሶች ሰዎችን በሐሰት ስም እንደ በሽተኛ እያስተኙ ሸሸጉ፤ የቢስፔብየር ሆስፒታል በዚህ ስሙ ይነሳል። ከዚያ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ወደ ስዊድን አሻገሯቸው። ከ7,000 በላይ ሰዎች ዳኑ። ወደ 470 የሚሆኑት ተይዘው ወደ ተሬዚንሽታት ካምፕ ተወሰዱ።

በ59 ዓመቱ በኦሊምፒክ እንዴት ተወዳደረ?

ጦርነቱ አልቆ ለንደን በ1948 ኦሊምፒኩን ስታስተናግድ ከተማዋ ገና አላገገመችም። ምግብ በራሽን ነበር። አዲስ ስታዲየም አልተሠራም፤ ስፖርተኞቹም ያደሩት በወታደር ካምፕና በትምህርት ቤቶች ነው። ጀርመንና ጃፓን አልተጋበዙም። ፌንሲንጉ የተካሄደው ዌምብሌይ ባለ አንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው።

ኦሲየር ያኔ አብረውት ከሚወዳደሩት ብዙዎቹ ከመወለዳቸው በፊት እዚያችው ከተማ ተወዳድሯል። ሜዳሊያ ላይ አልደረሰም፤ ማንም አልጠበቀበትምም። በዚያ ኦሊምፒክ ለዴንማርክ ሰይፍ ያበራችው ካረን ላክማን ናት፤ በሴቶች ፎይል ብር አገኘች። እሷ የቆመችበትን መንገድ የጠረጉት ኢቫንና ኤለን ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

መቼ አረፈ?

ኤለን በ1962፣ ኢቫን ሴፕቴምበር 23 ቀን 1965 ኮፐንሃገን ውስጥ አረፉ። እሱ 76 ዓመቱ ነበር። ስሙ በዓለም አቀፉ የአይሁድ ስፖርተኞች የዝና መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

የአርባ ዓመቱ ሪከርድ አሁንም የእሱ ነው?

አይደለም፤ ግን ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኦሊምፒክ አርባ ዓመት የሞላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ኦሲየርና ኖርዌያዊው የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪ ማግኑስ ኮኖ ናቸው። ሁለቱም በ1908 ጀምረው በ1948 ጨረሱ። ከዚያ በ1948 የጀመሩ ሌሎች ሁለት ሰዎች እስከ 1988 ሄደው አቻቸው ሆኑ። አንዱ የባሃማሱ ዱርዋርድ ኖውልስ ነው። በ2012 ካናዳዊው ፈረሰኛ ኢያን ሚላር ከ1972 ተነስቶ አርባ ደፈነ። ጃፓናዊው ፈረሰኛ ሂሮሺ ሆኬትሱ ግን ቀደም ብሎ በ2008 አልፏቸው ነበር፤ በ1964 ጀምሮ በ2012 በ71 ዓመቱ ለንደን ላይ ተወዳደረ። አርባ ስምንት ዓመት ማለት ነው።

በ1948 ከጀመሩት ሁለተኛው ደግሞ ዴንማርካዊው ፖል ኤልቭስትሮም ነው። ኦሲየር ሰይፉን ባስቀመጠበት ኦሊምፒክ የ20 ዓመቱ ኤልቭስትሮም በሸራ ጀልባ የመጀመሪያ ወርቁን አገኘ። በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ወርቅ ወሰደ፤ በ1988 ከልጁ ከትሪነ ጋር በአንድ ጀልባ ተወዳድሮ ጨረሰ። ከ1908 እስከ 1988 ባሉት ሰማንያ ዓመታት የዴንማርክን ኦሊምፒክ ሁለት ሰዎች ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል።